ብርዱ ያልሠራው ጥፋት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ለፊዚክስ ተማሪ ሰፊ ቤተ ሙከራ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በከሚሴ ሲያልፍ ከፍታው 1,400 ሜትር ገደማ ነው፤ በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ሚኒባሶችና አይሱዙዎች መካከል ጠዋት ጠዋት ሞተራቸው በስንት ልመና የሚነሳ፣ ከተነሳም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የሚንገጫገጭ አሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሾፌሩም የረዳቱም መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ብርዱ ነው»።

ይህ መልስ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በሚጥልባት በደብረ ብርሃን ሊያሳምን ይችላል። ከሚሴ ላይ ግን ሊያሳምን አይገባም። በምህንድስና ቋንቋ «ቀዝቃዛ ሞተር» የሚባለው አየሩ የበረደበት ሞተር ሳይሆን ከሥራ ሙቀቱ በታች ያለ ሞተር ነው። የሥራ ሙቀቱ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው እንበል። በ18 ዲግሪ ንጋት ከሚሴ ያደረ ሞተር ከዚህ በ72 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ በ3 ዲግሪ ንጋት ደብረ ብርሃን ያደረው ደግሞ በ87። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 15 ዲግሪ ብቻ ነው። ጤነኛ ሞተር ሁለቱንም ይችላል። እንግዲህ ከሚሴ ላይም የሚያስቸግር መኪና ካለ፣ ጥፋቱን ከአየሩ ላይ አንስተን መኪናው ውስጥ መፈለግ ይኖርብናል።

ባትሪን እንውሰድ። ደሴ ላይ አልነሳ ያለውን መኪና ሾፌሩ የደሴ ብርድ ገደለው ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪን ዕድሜ ይበልጥ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር በውስጡ ያሉት የእርሳስ መረቦች በፍጥነት ይበላሉ። ስለዚህ በከሚሴና በባቲ ፀሐይ የተጎዳው ባትሪ ጉዳቱ የሚታወቀው ደሴ ሲወጣ ነው። ለማረጋገጥ አንድ መልቲሜትር ይበቃል። አድሮ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ከ10 ቮልት በታች አዘቅዝቆ ከወረደ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የቤንዚን መኪኖች ጉዳይ ነው። ቤንዚን የሚቀጣጠለው ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚተነው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ቤንዚን ያስፈልጋል። በድሮዎቹ ካርቡራቶር ባላቸው መኪኖች ይህን የሚያደርገው ቾክ ነበር፤ በዛሬዎቹ ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሞተሩን ሙቀት የሚያውቀው ከማቀዝቀዣው ውሃ ጋር በሚገናኝ አንዲት ሴንሰር አማካይነት ነው። የሴንሰሯ ሬዚስታንስ ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል፤ በብዙ የቶዮታ መኪኖች በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም አካባቢ የነበረው በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ይወርዳል። ሴንሰሯ ተበላሽታ በንጋት «ሞተሩ ሞቋል» ብትል ኮምፒውተሩ ያምናታል፤ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይንገጫገጫል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ በእርግጥ ሲሞቅ ሐሰቱ እውነት ይሆንና ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል። ሾፌሩም «ብርዱ ለቀቀው» ይላል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ሴንሰሯን ፈትቶ፣ ከቴርሞሜትር ጋር ሙቅ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አስገብቶ ሬዚስታንሷን መለካት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሚሠራው የፊዚክስ ሙከራ አይከብድም።

የናፍጣ ሞተር ራሱ ይናገራል፤ ጭሱን የሚያነብለት ግን ይፈልጋል። ሞተሪኖው እየዞረ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ነዳጁ ደርሷል፤ ያልተገኘው የሚያቀጣጥለው ሙቀት ነው። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ወይም የሲሊንደሩ የማመቅ ኃይል ይመርመር። ምንም ጭስ ከሌለ ግን ነዳጁ አልደረሰም። በመስመሩ በገባ አየር ምክንያት ሌሊቱን ወደ ታንከር ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ፓምፕ ጥቂት ሲገፉለት ወዲያው ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የመካኒኮቻችንን ጆሮ አላናንቅም፤ በድምፅ ብቻ የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ የሚለይ ባለሙያ አለን። ካንዴላና ሞተሪኖ የሚሉት የጣሊያንኛ ቃላት እንኳ ይህ ሙያ በአገራችን ስንት ዘመን እንደተሻገረ ይመሰክራሉ። የምቃወመው ካንዴላውን፣ ፊልትሮውን፣ ባትሪውን በተራ እየቀየሩ የመሞከርን ልማድ ነው። በዚህ መንገድ መኪናው በአራተኛው ዕቃ ሊድን ይችላል፤ የሦስቱ ዋጋ ግን ከሾፌሩ የልጆች ወጪ ላይ የተቀነሰ፣ ለአገሪቱም በውጭ ምንዛሪ የተከፈለ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪኖች ማቆየት ይበልጥ ብልህነት የሚጠይቅ ሆኗል። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከከሚሴ የአንድ ሰዓት መንገድ ገደማ ነው። ተማሪዎቹ ለልምምድ ሲወጡ ከመልቲሜትር ጋር ወደ ከሚሴና ወደ ባቲ ጋራዦች ቢሄዱ እነሱም ጋራዡም ይጠቀማሉ።

ለዚህ ግን አንድ ልማድ መለወጥ አለበት። ሾፌሩ ጠዋት ያስቸገረውን መኪና እየነዳ ረፋዱ ላይ ጋራዥ ያደርሰዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ሞቋል፤ ሕመሙ የለም፤ መካኒኩ የሚመረምረው ጤነኛ መኪና ነው። ስለዚህ መኪናው ዋዜማውን ማታ ጋራዥ ገብቶ ይደር፤ ቁልፉንም በማለዳ የሚያዞረው ራሱ መካኒኩ ይሁን፤ መልቲሜትሩም ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ከባትሪው ጋር ይያያዝ።