ጎግልም ደላላ ነው፤ የሚያገናኘው በነገሩት ልክ ነው

በጌጃ ሰፈር የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ባለድርጅት አለ እንበል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ዋጋውም ቦሌና ሲኤምሲ ካሉት አቻዎቹ ያነሰ ነው። ከዓመት በፊት ድረ ገጽ አሠርቷል፤ የድርጅቱን ስም በላቲን ፊደል አስጽፎ፣ የሥራዎቹን ፎቶግራፍ ደርድሮ፣ የድረ ገጹን አድራሻ በቢዝነስ ካርዱ ላይ አሳትሟል። ይሁን እንጂ አያት አካባቢ ቤት የሚያሠራ ሰው ስልኩን አውጥቶ «የአልሙኒየም መስኮት ዋጋ አዲስ አበባ» ብሎ ቢጽፍ የጌጃ ሰፈሩ ድርጅት አይወጣም። ገዢው ከወጡለት ሦስት አራት ስሞች ለአንዱ ይደውላል፣ በዋጋ ይስማማል፣ ቀብድ ይከፍላል። የጌጃ ሰፈሩ ባለሙያ ገበያ ማጣቱን እንኳ አያውቅም፤ ያልመጣ ደንበኛ አይቆጠርምና።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ላለው ሀብት ነው። በከተማችን ድረ ገጽ ያለው ድርጅት ጥቂት አይደለም፤ ከእነዚህ ውስጥ ድረ ገጹ ገዢ የሚያመጣለት ስንቱ እንደሆነ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ያውቁታል። ችግሩ ሲነሣም ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ «ገንዘብ ጨምሩና አንደኛ ላውጣችሁ» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። የነጋዴው ጉድለት የገንዘብ ሳይሆን የተጻፈ፣ የተሟላና እርስ በርሱ የማይጋጭ መረጃ ጉድለት ነው። ይህን ደግሞ ከማንም ሳይገዛ ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል።

ከእህል በረንዳ እስከ ጎግል

ነገሩን ለመረዳት ከእህል በረንዳ መጀመር ይሻላል። ከጎጃም ጤፍ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ አዲስ አበባ ውስጥ በየመጋዘኑ እየዞረ ገዢ አይፈልግም፤ የሚያውቀው ደላላ አለው። ደላላው የማን ጤፍ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን ስንት ኩንታል እንደሚፈልግ፣ የዕለቱ ዋጋ ስንት እንደዋለ በአእምሮው ይዟል። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያን የእህል ገበያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ ደላላ ነጋዴው የንግድ ወገኑን ለመፈለግ የሚያወጣውን ወጪ ይቀንስለታል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ ስቲግለርም እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ከተማ ውስጥ በተለያየ ዋጋ የሚሸጠው ሻጮችን ሁሉ ዞሮ መጠየቅ ለገዢው ወጪ ስለሆነበት ጭምር መሆኑን አስረድቷል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋምም ከዓላማዎቹ አንዱ ይህንኑ ወጪ መቀነስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ጎግል የሚሠራውም ይህንኑ የማገናኘት ሥራ ነው። አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ፕሮግራሞቹ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የተዘረጉትን ማገናኛዎች እየተከተሉ ድረ ገጾችን ያነባሉ። ቀጥለው ያነበቡትን በትልቅ መዝገብ ያሰፍራሉ። በመጨረሻም ሰው ሲጠይቅ ከመዝገቡ ውስጥ ለጥያቄው ይስማማል ያሉትን በቅደም ተከተል ያቀርባሉ። ቅደም ተከተሉን ለመወሰን ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ ሌሎች ድረ ገጾች ወደዚያ ገጽ የሚመራ ማገናኛ ማስቀመጣቸው ነው። የእህል በረንዳው ደላላ «እከሌን እነ እከሌ ያምኑታል» ብሎ እንደሚያስታርቀው መሆኑ ነው።

ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። የሰፈር ደላላ ሳይነግሩትም አይቶና ጠይቆ ያውቃል። ይኸኛው ደላላ ከተጻፈው ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ፎቶግራፍ ለዓይን፣ ጽሑፍ ለመዝገብ

የብዙ ድርጅቶቻችን ድረ ገጽ ሲከፈት የሚታየው ያማረ ሥዕል ነው። የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑ፣ ዋጋው፣ ስልክ ቁጥሩ ሁሉ በግራፊክስ ባለሙያ ተነድፎ እንደ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ለሰው ዓይን ደስ ይላል፤ መፈለጊያው ግን በዋናነት የሚተማመነው በጽሑፍ ላይ ስለሆነ ከዚያ ፖስተር የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ቀድሞ ለኅትመት በምንገለገልባቸው የአማርኛ ፊደል ሶፍትዌሮች የተዘጋጀ ብሮሹርም ተመሳሳይ ችግር አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ለሰው ቢነበብም ለመሣሪያው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቴሌግራምና ቲክቶክ ናቸው። ነጋዴው ዛሬ ዕቃውን የሚያስተዋውቀው በአብዛኛው በእነዚህ ነው፤ መሆኑም ክፋት የለውም። ነገር ግን በቴሌግራም ቻናል የሚለጠፍ ዕቃ በዋናነት የሚደርሰው ቻናሉን አስቀድሞ ለተቀላቀለ ሰው ነው። ይህ ነባር ደንበኛን ለማቆየት ይጠቅማል። ድርጅቱን ጨርሶ የማያውቅ፣ ነገር ግን ዕቃውን ዛሬ የሚፈልግ ገዢ የሚመጣው ከፍለጋ ነው። ስለሆነም በቴሌግራም የወጣው የዋጋ ዝርዝር በድረ ገጹም ላይ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። የጌጃ ሰፈሩ ባለሙያ «የተንሸራታች መስኮት ዋጋ በካሬ ሜትር»፣ «ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን መስታወት»፣ «የሱቅ ፊት ለፊት ሥራ» ብሎ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ገጽ ቢጽፍ፣ ገዢ በሚጠይቅበት ቃል መልስ አዘጋጀ ማለት ነው።

ስም አንድ፣ ፊደል ብዙ

በእንግሊዝኛ የተጻፉ ምክሮች የማያነሱት የራሳችን ችግር ደግሞ አለ። አማርኛ አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ይጻፍበታል። አንዱ «የሠርግ ልብስ»፣ ሌላው «የሰርግ ልብስ» ይላል። አንዱ «መስታወት»፣ ሌላው «መስተዋት» ይላል። «አልሙኒየም» እና «አሉሚኒየም» ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ነገሩ ይብሳል፤ ጌጃን አንዱ በአንድ «ጄ»፣ ሌላው በሁለት «ጄ» ይጽፈዋል፤ ልደታንም አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጽፈዋል። መፈለጊያው አንዳንዱን ልዩነት ገምቶ ቢያገናኝም ሁሉንም ያገናኛል ብሎ መተማመን አይገባም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የድርጅቱ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ በተጻፈበት አኳኋን በሁሉም ቦታ፣ ማለትም በድረ ገጹ፣ በካርታው፣ በፌስቡኩና በቢዝነስ ካርዱ አንድ ዓይነት ይሁን። የዕቃዎቹ ስም ግን ገዢዎች በሚጽፉባቸው አጻጻፎች፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። ይህ ሲባል አንዱን ቃል ሃምሳ ጊዜ መደጋገም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ድርጊት ጎግል እንደ ማጭበርበር የሚቆጥረው ነው።

አድራሻ፣ ሰዓትና ዘመን

ልደታ ክፍለ ከተማ በመልሶ ማልማት ምክንያት መልኩ በእጅጉ የተለወጠ አካባቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በልደታ በኩል ያልፋል። እኛ ግን አድራሻ የምንነግረው በምልክት ነው። ለምልክትነት የቆመው ቤት ሲፈርስ አድራሻውም አብሮ ይፈርሳል። ድርጅቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሮ፣ ካርታው ላይ ያለው ምልክት ግን አሮጌው ቦታ ላይ ቢቀር ደንበኛው መጥቶ የግንባታ አጥር ያገኛል። ጎግል ለንግድ ድርጅቶች ያለ ክፍያ የሚሰጠው የመግለጫ ገጽ አለ፤ ባለቤቱ ራሱን አስመስክሮ ቦታውን፣ ስልኩንና ፎቶግራፎቹን ያስተካክልበታል። በካርታ ላይ ቅድሚያ ለማግኘት የሚታዩት ዋና ዋናዎቹ ነገሮች ሦስት እንደሆኑ ጎግል ራሱ ይገልጻል፤ እነዚህም ከጥያቄው ጋር መስማማት፣ ከጠያቂው ያለው ርቀትና የድርጅቱ ዝና ናቸው። ርቀቱን መለወጥ አይቻልም፤ ሁለቱን ግን ይቻላል።

ሰዓትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ጠዋት በ2፡30 የሚከፍት ሱቅ ቁጥሩን እንዳለ ካስገባ፣ መሣሪያው የሚረዳው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል እንደሚከፍት ነው። በመሆኑም ገዢው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲፈልግ ሱቁ መክፈቻና መዝጊያው ተዛብቶ ይታየዋል። የዘመን አቆጣጠርም ያው ነው። «የ2017 ዋጋ» ብሎ መጻፍ ለእኛ ግልጽ ነው፤ ከዋሽንግተን ለወላጆቹ ቤት መስኮት ለማስገጠም የሚፈልግ ሰው ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ያለፈበት ዋጋ ሊመስለው ይችላል። «ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ፣ ሲቻልም ሁለቱንም አቆጣጠር ማስፈር ምንም ወጪ የለውም።

«አንደኛ አወጣሃለሁ» ባዮች

በዚህ መስክ ቁም ነገር ያላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ፈጣን ድረ ገጽ መሥራት፣ በስልክ ላይ በደንብ እንዲከፈት ማድረግ፣ ርዕሶችን ማስተካከል ሙያ ነውና ሊከፈልበት ይገባል። የሚያሳስበው «በአንድ ወር ውስጥ አንደኛ» የሚለው ዋስትና ነው። በጎግል አንደኛ እንደሚያወጣ ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ኩባንያው በይፋ ጽፎታል። ለማስታወቂያ መክፈልም ማስታወቂያ ተብሎ በተለየው ቦታ ያወጣል እንጂ በመደበኛው የፍለጋ ውጤት ላይ ደረጃ አይጨምርም።

ነጋዴው ውል ከመፈራረሙ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቅ። ሥራው ቁልፍ ቃላትን በድረ ገጹ ስውር ክፍል መደርደር ከሆነ፣ ጎግል ያንን ዓይነቱን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። ሥራው ከማያውቋቸው ድረ ገጾች ማገናኛ መግዛት ከሆነ፣ ይህ ድርጊት የጎግልን ደንብ የሚጥስ በመሆኑ ደረጃ ሊያሳጣ ይችላል። የድረ ገጹ ስምና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንደሚቆይም በጽሑፍ ይግባ፤ ከባለሙያው ጋር ሲለያዩ ቤቱን ያለ ቁልፍ መረከብ ስለሚመጣ ነው።

የነጋዴው ሥጋት

ይህን ሁሉ የሚሰማ ነጋዴ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። የመጀመሪያው «ዋጋ በየሳምንቱ እየተለዋወጠ እንዴት እጽፋለሁ?» የሚል ነው። እውነት አለው። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ በሚገባ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ዋጋውን አጽንቶ መያዝ ከብዶታል። ነገር ግን «ከዚህ እስከዚህ፣ በዚህ ቀን የወጣ» ብሎ መጻፍ አንድም ዋጋ ካለመጻፍ ይሻላል። ገዢው የሚፈልገው የመጨረሻውን ሳንቲም ሳይሆን አቅሙ ይችል እንደሆነ ማወቅን ነው፤ ቀኑን ማደስ ደግሞ ገጹ ሕይወት እንዳለው ያሳያል።

ሁለተኛው በግልጽ የማይነገር ነው፤ «ከታየሁ ግብር ይበዛብኛል» የሚለው ሥጋት። በ2017 ዓ.ም. በመርካቶ በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት የተፈጠረው ውዝግብ ሥጋቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ አሳይቷል። ይሁን እንጂ መሰወር ነፃ አይደለም። የተሰወረ ነጋዴ ከግብር ሰብሳቢው ብቻ ሳይሆን ከገዢውም ይሰወራል። ግብሩን ሸሽቶ የሚያተርፈውንና በየቀኑ ወደ ሌላ የሚሄድበትን ደንበኛ አነጻጽሮ ሒሳቡን ራሱ ቢሠራው መልካም ነው። ግብር ሰብሳቢውም ቢሆን ራሱን በግልጽ ባስተዋወቀ ነጋዴ ላይ ብቻ ከበረታ፣ ገበያውን ወደ ጨለማ እንደሚገፋው ማወቅ ይኖርበታል።

ነገሩ የግል ጥረት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም። የንግድ ምክር ቤቶችና የሙያ ማኅበራት የአባሎቻቸውን ስም፣ የሥራ ዓይነትና አድራሻ በጽሑፍ፣ ለፍለጋ ክፍት በሆነ ገጽ ቢያወጡና ወደ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማገናኛ ቢያስቀምጡ፣ ያ ማገናኛ ከየትኛውም የተገዛ ምስክርነት የበለጠ ክብደት ይኖረዋል። ለመልሶ ማልማት ነጋዴ የሚያነሣ የከተማ አስተዳደርም የተነሡት ድርጅቶች የት እንደገቡ በይፋ ቢያሳውቅ ደንበኛቸው አይበተንም።

የመልስ መስጫ ፕሮግራሞች ከተስፋፉበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው ጥያቄውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማቅረብ ጀምሯል። እነዚህም ቢሆኑ መልሳቸውን የሚቀዱት ከተጻፈ ነገር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በአግባቡ የተጻፈ ገጽ ነገም ዋጋ አለው። የጌጃ ሰፈሩ ባለሙያ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኩና የሚሠራቸው ዕቃዎች ዝርዝር ነው። በመጀመሪያ የሚመልሳቸውም ጥያቄዎች ደንበኛ በስልክ ደውሎ ዘወትር የሚጠይቃቸው ናቸው፤ ምን ትሠራላችሁ? በስንት? የት ናችሁ? መቼ ትከፍታላችሁ?