ሙት ወቃሽ አያድርገን

ድምፅ የሌለው የጥንት ፊልም ሲታይ፥ ሰዎቹ ውሻ እንዳባረረው ዶሮ ሲራወጡ አይቶ ያልሳቀ ማን አለ? ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ያን ሩጫ ተዋንያኑ አልሮጡትም። በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ እየተዘወረ በአንድ ሰከንድ የሚያነሣው ሥዕል ብዙውን ጊዜ ከ24 ያነሰ፥ አንዳንዴም 16 ብቻ ነበር። ፊልም ድምፅ ካወጣ በኋላ ግን የማሳያው መኪና ፍጥነት በሰከንድ 24 ሥዕል ሆነ። ስለዚህ በእርጋታ የተራመደው ሁሉ ሯጭ ሆኖ ቀረ።

የኋላ ሰዎች ይህን አይተው የሳቅ ገበያ አቆሙበት። በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጄይ ዋርድ «ፍራክቸርድ ፍሊከርስ» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት የጥንት ፊልሞችን እየቆራረጠ የቀልድ ንግግር ጨመረባቸው። ሎን ቼኒ ፊቱን በገዛ እጁ ለዋውጦ፥ በጀርባው ጉብታ ተሸክሞ፥ በ1923 የተጫወተው የኖትር ዳም ጎባጣ በኳስ ሜዳ ደጋፊ የሚያስጨፍር ተማሪ ተደረገ። ቼኒ በ1930 ሞቶ ነበርና መልስ ሊሰጥ አልቻለም።

በ2018 ፒተር ጃክሰን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ፊልሞች ፍጥነት ባስተካከለ ጊዜ፥ ሲራወጡ የኖሩት ወታደሮች እንደ እኛው የሚራመዱ፥ የሚደክሙና የሚፈሩ ወጣቶች ሆነው ታዩ።

መሳቅ ነውር አይደለም፤ ቼኒም ቢሆን የተመልካች ወዳጅ ነበር። ሆኖም በቀደሙት ሰዎች ሥራ ከመሳቃችን በፊት፥ ጉድለቱ የእነርሱ ነው ወይስ የእኛ መኪና ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው።