ስምንት ኪሎ ሽንኩርት በ11 ሳንቲም

አምስት ኪሎ ሽንኩርት 350 ብር ከሆነ ስምንት ኪሎው ስንት ነው? የባሕር ዳር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ጥያቄ ሲያይ እጁ የሚሮጠው ወደ ኤክስ ነው። ቁጥሮቹን በሁለት ክፍልፋይ ይደረድራል፣ በመስቀል ያባዛል፣ ያካፍላል። አደራደሩ ከቀናው 560 ብር ያገኛል። አንዱን ክፍልፋይ ገልብጦ ካስቀመጠው ግን 0.11 ይወጣለታል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮ ደብተሩን ያስረክባል። ስምንት ኪሎ ሽንኩርት በ11 ሳንቲም! ይኸው ልጅ እናቱ ገበያ ብትልከው እንዲህ ያለ ዋጋ ከአፉ አይወጣም።

ነገሩን በተማሪው ስንፍና ማሳበብ ለምዶብናል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የብራዚል ጥናት ግን ሰበቡን ያፈርሰዋል። በሬሲፌ ከተማ ጎዳና ላይ የሚቸረችሩ ልጆች እየሸጡ ሳለ ሲጠየቁ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ሒሳብ በባዶ ቁጥር ወረቀት ላይ ሲያገኙት ወደ 37 ወረዱ። ልጆቹ ያው ናቸው።

የገበያው ልጅ የሚያደርገው የአንዱን ዋጋ መፈለግ ነው። ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ማሳየት ይቻላል፦ ረዘም ያለ ሳጥን ተስሎ አምስት ቦታ ይከፈላል። ሙሉው 350 ከሆነ እያንዳንዱ ክፍል 70 ነው፤ ሦስት ክፍል ሲቀጠልበት 560። ከጎን ያለችው ነጋዴ ሦስት ኪሎ በ225 ብትል ሌላ ሳጥን ለሦስት ይከፈላል፤ ኪሎው 75 ደረሰ። ዝቅተኛውን ጠቅላላ ዋጋ ርካሽ ያስመሰለው ነገር ወዲያው ይገለጣል። ሲንጋፖር እንዲህ ያለውን አሳሳል በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርቷ አስገብታዋለች። ጠመኔና ሰሌዳ ካለ ሌላ ወጪ የለውም።

በመስቀል የማባዛቱ ቀመር ከሁሉ የሚያሳፍረን ግን ጣና ዳር ነው። አራት ሰዎች ወደ ዘጌ የሚያደርስ ጀልባ በ2,000 ብር ተኮናተሩ እንበል። ስምንት ቢሆኑስ? በመስቀል ማባዛት የለመደ ተማሪ ሳያመነታ 4,000 ይላል። ጀልባው ግን የተያዘው በሙሉ ነው፤ ቦታ እስካለው ድረስ ዋጋው ያው 2,000 ነው፣ የነፍስ ወከፉ ከ500 ወደ 250 ይወርዳል። ሥዕል የሚሠራ ልጅ ሳጥኑን ከመክፈሉ በፊት ምን ከምን ጋር አብሮ እንደሚያድግ ራሱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ቀመሩ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ የተሰጠውን ይፈጫል።

መምህራን የሚያነሱትን ክርክር አውቀዋለሁ። ክፍሉ የታጨቀ ነው፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ቶሎ የሚያደርሰው ቀመር ነው። የመጨናነቁ ነገር እውነት ነው። ፈተናው ላይ ግን አልስማማም፦ ምርጫ ውስጥ 0.11 ከተቀመጠ የሚከበው ቀመር አምላኪው ነው። ቀመሩ ይቅር አላልኩም፤ የአንዱን ዋጋ ያየ ልጅ በኋላ ቢማረው ያፈጥንለታል።

ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም አንድ ነገር አለኝ። ከጥያቄው አጠገብ የቲማቲም ሥዕል መለጠፍ ጌጥ ነው። ሒሳቡ የሚታየው ኪሎውና ብሩ ጎን ለጎን ሲሰመሩ ነው። ሥዕሉን እንደ ሌላ ቀመር አስገልብጦ ማስሸምደድም ያው የድሮው በሽታ ነው።

ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የመምህራን አሠልጣኞች ተቋም የነበራት ከተማ ናት፤ ያም ተቋም ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በዚህች ከተማ የምታስተምሩ የሒሳብ መምህራን፣ በሚቀጥለው የወደር ትምህርት ኤክስ ከመጻፋችሁ በፊት ሳጥኑን ሳሉ። ፈተና የምታወጡትም ለሥዕሉ ነጥብ ስጡት።