ካቢኔቱን ማን ፈተሸው?
ግልጽ ደብዳቤ ከሸዋ በር፣ ሐረር

ይድረስ፦ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ እንዲሁም የባዮሴፍቲ ካቢኔት ፈታሾችን ለሚያሠለጥኑ ሁሉ

ባዮሴፍቲ ካቢኔት ከመስታወቱ በታች ፊቱ ክፍት ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው እጁን አስገብቶ የቲቢ ታማሚ አክታ ሲከፍት፣ በእርሱና በተህዋሲው መካከል ያለው መከላከያ የሚንቀሳቀስ አየር ብቻ ነው። ይህ አየር በሄፓ ማጣሪያ ያልፋል፤ ማጣሪያው ጤነኛ ከሆነ 0.3 ማይክሮን ከሚያህለው ብናኝ ቢያንስ 99.99 በመቶውን ይይዛል። ማጣሪያው ቢቀደድም ማራገቢያው መዞሩን፣ መብራቱም መብራቱን አያቆምም። ብልሽቱን የሚያውቀው መሣሪያ ይዞ የሚለካ ሰው ነው።

በዘርፉ ብዙ አገሮች የሚመሩበት፣ ኤንኤስኤፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣው ኤንኤስኤፍ 49 ደረጃ ካቢኔት ሲተከል፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቦታው ሲነሳና ማጣሪያው ሲቀየር እንዲፈተሽ ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተንጦ ሐረር የደረሰ ካቢኔት የማጣሪያው ዳር ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ወረቀት ለዚህ ዋስትና አይሆንም።

ፍተሻው የእጅ ሙያ ነው። ፈታሹ የዘይት ጉም ከማጣሪያው በስተጀርባ ይለቅና ያለፈውን ጉም የሚለካውን የፎቶሜትር ጫፍ ከማጣሪያው ፊት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ሳያርቅ፣ በሰከንድ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳያፈጥን፣ መስመር በመስመር እያደራረበ ያስኬደዋል። ከዚያ ዙሪያውን ይከተላል፤ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና። እጁ ከቸኮለ ቀዳዳውን ያልፈዋል።

የአየር ፍጥነት ልኬት ደግሞ በሐረር የራሱ ጣጣ አለው። በስፋት ለሚሠራበት የክፍል ሁለት ኤ2 ካቢኔት ወደ ውስጥ የሚገባው አየር በሰከንድ ከ0.51 ሜትር ማነስ የለበትም። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በሙቀት የሚሠራው የነፋስ መለኪያ ይህን ስስነት ዝግታ አድርጎ ስለሚያነበው፣ ትክክለኛው 0.51 በመለኪያው መስኮት ላይ 0.41 አካባቢ ሆኖ ይታያል። ማስተካከያውን ያልተማረ ፈታሽ ደህናውን ካቢኔት ወድቋል ብሎ ማራገቢያውን ያፈጥናል። መለኪያው 0.51 ሲያሳየው እውነተኛው ፍጥነት 0.64 ደርሷል፤ አየሩ ይናወጣል፤ መከላከያውም ይረበሻል። ፈታሹ ከሐረር ተነስቶ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ፣ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ወዳለችው ጅግጅጋ ሲሻገር ሒሳቡ እንደገና ይለወጣል።

የተለመደው የሥልጠና አሠራር ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ጥቂት ቀናት በአዳራሽ፣ ስላይድ፣ አንድ ካቢኔት ለብዙ ሠልጣኝ፣ በመጨረሻም ለተገኘ ሁሉ ሰርተፍኬት። ሠልጣኙ ወደ ሥራው ሲመለስ ፎቶሜትር አያገኝም፤ ከዓመት በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ፍተሻው በዘመቻ ይመጣል፤ አንዳንዱ ቡድን በመግቢያው ላይ ሶፍት አንጠልጥሎ ወደ ውስጥ መሳቡን ያይና ስቲከር ለጥፎ ይሄዳል። ሶፍት አየር መግባቱን እንጂ ማጣሪያው አለመቀደዱን አያሳይም። እንዲህ ያለ ስቲከር ጭራሽ ከአለመለጠፉ ይከፋል፤ ባለሙያው ተማምኖ እጁን ያስገባበታልና።

ለኤንኤስኤፍ እውቅና የሚቀመጥ ፈታሽ በጽሑፍ ብቻ አያልፍም። በፈታኝ ፊት ካቢኔቱን ራሱ ለክቶ፣ ቀዳዳውን አግኝቶ ያሳያል። አገር ውስጥ የሚሰጠውም ሥልጠና በዚሁ መንገድ ሊመዘን ይገባል፤ መገኘት ብቻውን ሰርተፍኬት ሊያሰጥ አይገባም። ሠልጣኙ ልምድ ካለው ፈታሽ ጎን ሠርቶ መታየት፣ መሣሪያው በየዓመቱ ካሊብሬት መደረግ፣ ሪፖርቱም «አልፏል» ከሚል ቃል ይልቅ የተለኩትን ቁጥሮችና የከፍታውን ማስተካከያ መያዝ አለበት። የወደቀ ካቢኔት እንዳይሠራበት የማገድ ሥልጣንም ለፈታሹ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የኃላፊ ፊት እያየ የሚፈርም ፈታሽ ለማንም አይጠቅምም።

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐረር ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ከ60 ኪሎ ሜትር አትርቅም። ለምሥራቁ ቋሚ ፈታሾችንና አንድ የተሟላ መሣሪያ እዚህ ማስቀመጥ በዘመቻ ከመጠበቅ ይሻላል። ይህ እስኪሆን ድረስ የጤና ቢሮዎች አንድ ትእዛዝ ያውጡ፦ የልኬት ቁጥር ያልተጻፈለት ካቢኔት፣ ስቲከር ቢለጠፍበትም፣ እንዳልተፈተሸ ይቆጠር።