የብስክሌት መንገድ ይነሳ ወይስ ይቆይ? በከተማ መንገድ ላይ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?

(ዜና ሐተታ)

በደቡብ ጎንደር ዞን እስቴ ወረዳ በምትገኘው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እንደ አብዛኞቹ የአገሪቱ አነስተኛ ከተሞች ሁሉ፣ መንገድ የተሽከርካሪ ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን እህል የጫነ አህያ፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ገበያተኛ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ተማሪ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና አንዱን መንገድ ይጋሩታል። ይህ ውስን ቦታ ለማን ምን ያህል ሊመደብ እንደሚገባና ውሳኔውን የሚሰጠው አካል የትኛው እንደሆነ ግልጽ ካልተደረገ፣ የሚሠራው መንገድ ብዙም ሳይቆይ ለክርክር መዳረጉ አይቀርም።

ጥያቄው የአነስተኛ ከተሞች ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ባህር ዳርንና ጎንደርን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ የሥራው አካል ሆኗል። የተሠራውን መንገድ ጠብቆ የማቆየቱ ኃላፊነት ግን በየከተማው አስተዳደር ትከሻ ላይ የሚወድቅ ነው። የተሠራ የብስክሌት መንገድ ይነሳ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ምን እንደሚከተል ለመረዳት በካናዳ የታየውን ክርክር መመልከት ጠቃሚ ነው።

የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት መንግሥት በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም ባቀረበውና በኅዳር ወር ባጸደቀው ሕግ፣ በቶሮንቶ ከተማ በብሉር፣ በያንግና በዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች ላይ የተሠሩ የብስክሌት መስመሮች እንዲነሱ ወስኗል። ከተሞች የተሽከርካሪ መስመር ቀንሰው የብስክሌት መስመር ለመሥራት ሲፈልጉም አስቀድመው የክፍለ ግዛቱን ፈቃድ እንዲጠይቁ ደንግጓል። በክፍለ ግዛቱ መሪ ዳግ ፎርድ የሚመራው መንግሥት ያቀረበው ምክንያት የትራፊክ መጨናነቅን መቀነስ የሚል ነበር። በከንቲባ ኦሊቪያ ቻው የሚመራው የቶሮንቶ አስተዳደር በበኩሉ፣ በከተማው ጎዳና ላይ መወሰን ያለበት ከተማው መሆኑን በመግለጽ ተቃውሟል። የከተማው ባለሙያዎች መስመሮቹን ለማንሳት 48 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል እንደሚያስፈልግ የገመቱ ሲሆን፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ግምቱን አልተቀበለውም።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አምርቶ፣ የኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም በሰጠው ውሳኔ መስመሮቹን እንዲነሱ የሚያደርገው ድንጋጌ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠውን የሕይወትና የአካል ደኅንነት መብት እንደሚጥስ አስታውቋል። ፍርድ ቤቱ ዜጎች የብስክሌት መንገድ እንዲሠራላቸው የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት አላቸው አላለም። ያለው፣ መስመሮቹን ማንሳት መጨናነቅን እንደሚቀንስ በማስረጃ ሳይረጋገጥ፣ ብስክሌተኞችን ለጉዳትና ለሞት የሚያጋልጥ እርምጃ መውሰድ ተገቢ አይደለም ነው። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ይግባኝ እንደሚጠይቅ አስታውቋል፤ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም ደግሞ ከተሞች የተሽከርካሪ መስመር ቀንሰው የብስክሌት መስመር እንዳይሠሩ የሚከለክል ሌላ ሕግ አጽድቋል።

ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት፣ የመንገድ ጉዳይ ከቀለምና ከድንጋይ ንጣፍ ያለፈ የሥልጣን ክፍፍልና የማስረጃ ጉዳይ መሆኑ ነው። በአገራችንም የሥልጣን ክፍፍሉ መሠረት በሕግ የተጣለ ነው። በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መሠረት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን የማልማት፣ የማስተዳደርና የመቆጣጠር ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በአስተዳደሩ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የመንግሥት እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል።

በተግባር ግን በአንድ ከተማ መሐል የሚያልፈው ዋና መንገድ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሁለት ነው። አስፋልቱን የሠራው የፌዴራል ወይም የክልል መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ዳሩን የሚያጸዳው፣ ገበያውን የሚያስተናግደውና የነዋሪውን ቅሬታ የሚሰማው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በሁለቱ መካከል የጽሑፍ ስምምነት በሌለበት፣ የእግረኛውና የብስክሌተኛው ቦታ ጠያቂ የሌለው ንብረት ይሆናል። መኪና ይቆምበታል፣ የግንባታ አሸዋ ይከመርበታል፣ ቀስ በቀስም ተጠቃሚ የለውም የሚል ምክንያት ይቀርብበታል።

የብስክሌት መንገድን የሚቃወሙ ወገኖች የሚያነሱት ሐሳብም ሊደመጥ ይገባዋል። በጠባብ ጎዳና ላይ አንድ መስመር ሲቀነስ አውቶቡስና አምቡላንስ ይዘገያሉ፣ ዕቃ የሚያራግፍ ነጋዴ ማቆሚያ ያጣል፣ ብስክሌት የመግዛት አቅም ያለው ነዋሪም ብዙ አይደለም የሚሉ ናቸው። ባዶ የሚታይ መስመር የሕዝብ ገንዘብ ብክነት ነው የሚለው ቅሬታም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ይሁን እንጂ ባዶነቱ በምን እንደመጣ ሳይታወቅ ወደ ውሳኔ መሄድ አይቻልም። በዚህ ረገድ የባህር ዳርና የአዲስ አበባ ሁኔታ ይለያያል። በጣና ዳር በሜዳማ ሥፍራ ላይ የተመሠረተችው ባህር ዳር በብስክሌት ከተማነቷ የታወቀችው የተለየ መስመር ከመሠራቱ በፊት ነው። ሠራተኛውና ተማሪው በብስክሌት መመላለስን ባህሉ አድርጎ ቆይቷል። በዚያ መስመር መሥራት ማለት በባጃጅና በመኪና ብዛት ወደ ጠርዝ የተገፋውን ነባር ተጠቃሚ መጠበቅ ነው። ዳገትና ቁልቁለት በሚበዛባት አዲስ አበባ ግን መስመሩ ከተጠቃሚው ቀድሟል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት የተጠቃሚ ቁጥር ብቻውን ለመፍረድ አይበቃም፤ መስመሩ ከመኖሪያ ሠፈር እስከ ሥራ ቦታና ትምህርት ቤት ሳይቋረጥ መድረሱ አስቀድሞ መታየት አለበት። መሐል መንገድ ላይ የሚቋረጥ መስመር ተጠቃሚ ባያገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

ዋና ከተማዋ ከኮሪደር ልማቱ አስቀድሞም በጉዳዩ ላይ ሠርታለች። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ጎዳናዎችን በተወሰኑ ቀናት ለእግረኛ ክፍት ሲያደርግ ቆይቷል። ከሞተር ውጭ ለሆነ ትራንስፖርትም በከተማና በአገር አቀፍ ደረጃ የ10 ዓመት ስትራቴጂዎች ወጥተዋል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር የሚደረግ መሆኑና በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ሲታሰብ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ቦታ መመደብ የቅንጦት ጉዳይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እንደ መካነ ኢየሱስ ላሉ ከተሞች የቶሮንቶን መስመር መቅዳት መፍትሔ አይሆንም። በአነስተኛ ከተማ ቀዳሚው ጥያቄ ብስክሌት ሳይሆን እግረኛውና የጭነት እንስሳው ሊሆን ይችላል። ምናልባትም የሚያስፈልገው ለሁለቱም የሚሆን ሰፊ የመንገድ ዳር፣ የተከደነ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይና በገበያ ቀን የጭነት መኪና የሚገባበት የተወሰነ ሰዓት ነው። ይህን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው የዞንና የክልል ቢሮ ሳይሆን በከተማው የሚኖረው ሕዝብና የሚያገለግለው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው።

በአንጻሩ፣ ለታችኛው እርከን ሥልጣን ይሰጥ ማለት ያለማስረጃ ይወስን ማለት አይደለም። አንድ ማዘጋጃ ቤት በበዓል፣ በገበያና በአዘቦት ቀን በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው፣ እንስሳና ተሽከርካሪ ለመቁጠር የሚያስፈልገው ጥቂት ሠራተኛና መዝገብ ነው። ከነጋዴው፣ ከባጃጅ አሽከርካሪው፣ ከአካል ጉዳተኛውና ከትምህርት ቤቱ ጋር የተደረገው ውይይት በቃለ ጉባኤ ከተያዘ፣ የደረሰው አደጋም ከፖሊስ ጋር በየወሩ ከተመዘገበ፣ ከተማው ከበላይ አካል ጋር ሲነጋገር በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል። ቆጠራና ቃለ ጉባኤ የሌለው ከተማ ግን ይሠራ ሲባል ይሠራል፣ ይነሳ ሲባል ያነሳል፤ ለአንዱ መንገድም ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በመሆኑም መንገድ እንዲሠራም ሆነ የተሠራው እንዲነሳ ውሳኔ ከመተላለፉ በፊት ማን እንደሚጠቀምበት መቆጠሩ፣ ነዋሪው መወያየቱና የጥገናው ኃላፊነት የማን እንደሆነ በጽሑፍ መስፈሩ ሊረጋገጥ ይገባል። በጉዳዩ ላይ የሚወስኑ የፌዴራል፣ የክልልና የከተማ ኃላፊዎች ይህን ሥርዓት ከግንባታው አስቀድመው ከዘረጉ፣ በገበያ ቀን አህያውን እየነዳ ወደ ከተማ የሚገባው አርሶ አደር የሚሄድበት መንገድ በኃላፊዎች መለዋወጥ የሚቀያየር አይሆንም።