የወለደችም እናት ናት፤ ያሳደገችም እናት ናት



የሌላውን ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ በሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎችም ሆነ፣ «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ያገኛል፤ «የእገሌ ልጅ ነው፤ ያሳደገው ግን እገሌ ነው» ይባላል። በዚህ መልስ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም። የወለደው ስሙን አይነጠቅም፤ ያሳደገውም ምስጋናውን አያጣም። በዚህ ወር የምንነጋገረው ይህ የቆየ ልማዳችን ከባሕር ማዶ ልማድ ጋር በተገናኘ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት፣ ዛሬም በየቤታችን ምን እንደሚጠበቅብን ነው።

አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን ልጅ «የጡት ልጅ» ይሉታል። አሳዳጊው ጡቱን ወይም አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ለልጁ በማጥባት ቃል ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የጡት አባትና የጡት ልጅ ይባባላሉ። ዛሬ በሕግም በንግግርም የለመድነው «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ደግሞ ከኦሮምኛ የተገኘ ነው። በየጡት ልጅ ሥርዓት ለልጁ አባት ይጨመርለታል እንጂ አይቀነስበትም። ሕጋችንም ይህንኑ አጽንቶታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213፣ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር፣ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋር ያለው ዝምድናም እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ግን የአሳዳጊው ቤተ ሰብ ይቀድማል። በቅዱስ መጽሐፍም ሙሴን የፈርዖን ልጅ አሳደገችው፤ ሞግዚት ሆና ያጠባችው ግን የገዛ እናቱ ነበረች። ሙሴ በቤተ መንግሥት አድጎ ወንድሞቹን ማወቁ ከዚህ የተነሣ ነው ብንል አንሳሳትም።

ሀገራችን ራሷ ከባሕር ማዶ ልጆችን የተቀበለችበት ጊዜ እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ ከእልቂት የተረፉ የአርመን ሙት ልጆችን በገዳም አገኟቸው። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ልጆቹም የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የደረሱለት ብሔራዊ መዝሙርም በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ ተሰማ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች እንጀራችንን በልተው አደጉ፤ አርመንነታቸውን ግን ማንም አልሰረዘባቸውም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ጉዞው ተገለበጠ፤ አሳዳጊዎች ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሌሎቹም የራሳቸውን ወልደው ሳለ ለሙት ልጅ ያዘኑ ነበሩ። ከአሜሪካ የሚመጡት በኋለኞቹ ዓመታት ሁለት ጊዜ መመላለስ ነበረባቸው፤ አንድ ጊዜ በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ለመቅረብ፣ ሁለተኛም የልጁን ቪዛ ለመፈጸምና ይዘው ለመመለስ። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ሕፃኑን አቅፈው ካዩት በኋላ ትተውት ወደ ሀገራቸው ይመለሱና ሳምንታትን በናፍቆት ይቆጥሩ ነበር። ይህ ናፍቆት እውነተኛ እንደ ነበረ መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ከዚሁ ጉዞ ጎን ሌላ ጉዞ ነበረ። ከሰሜን ወሎ የተነሣች ወላጅ በፍርድ ቤት ለመቅረብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ፣ በደሴና በደብረ ብርሃን አልፋ፣ በማታውቀው ከተማ ማደር ነበረባት። የአንደኛው ወገን ጉዞ በልጅ መምጣት ይፈጸማል፤ የሌላይቱ ጉዞ ባዶ እጅ በመመለስ። ከሁሉም የሚከብደው ሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ያሉትን ቃል በአንድ ትርጉም አለመረዳታቸው ነው። ወላጅ የጡት ልጅን ልማድ በልብዋ ይዛ፣ «ልጄ ተምሮ ይመለሳል፤ ይጽፍልኛል፤ ይጠይቀኛል» ትላለች። በተቀባዩ ሀገር ሕግ ግን ጉዲፈቻ የቀድሞውን የወላጅነት ሐረግ ይቆርጣል፤ በአሜሪካ አዲስ የልደት ወረቀት ሲወጣ በወላጅነት የሚጻፈው የአሳዳጊዎቹ ስም ነው። እርስዋ አባት ጨመርሁለት ስትል፣ ወረቀቱ እናት ቀነሰ።

ቁጥሩም ትንሽ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት 2,500 ያህል ናቸው፤ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪታገድ ድረስ ወደዚያችው ሀገር የሄዱት ተደምረው ወደ 15,000 ይጠጋሉ። ለአንድ ልጅ ጉዲፈቻ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከ20,000 ዶላር በላይ ነበረ። ገንዘብ በበዛበት መንገድ ደግሞ ደላላ ይበዛል፤ እናት አባት ያለው ልጅ ሙት ልጅ ተብሎ የተጻፈበት ጊዜም አለ። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለአንዲት ድኻ እናት ላምና የዘር እህል ቢገዛላት ኖሮ፣ ልጅዋን ከጉያዋ ባላወጣች ነበር።

ከሄዱት ብዙዎቹ በፍቅር አድገዋል፤ ተምረው ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል። በስዊድን ያደጉት ዝነኛው የወጥ ቤት ሊቅ ማርከስ ሳሙኤልሰን ለዚህ ምሳሌ ናቸው፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ሞተዋል ሲባሉ የኖሩት አባታቸው በሕይወት እንዳሉ የተረዱት ካደጉ በኋላ ነው። በሌላ ወገን በግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ልጅ በአሳዳጊዎችዋ እጅ ተርባና ተጐድታ በብርድ ሞተች፤ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. አሳዳጊዎቹ የብዙ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በሀገራችን ትልቅ ኀዘንና ቁጣ ሆነ።

መንግሥት በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ 5 አወረደው፤ በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. አገደው። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተ ሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ሀገር ሰዎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ ፈጽሞ ከለከለ።

እንግዲህ በሩ ከተዘጋ በኋላ የቀረው ጥያቄ የኛ ነው። ልጆች በሀገር ይደጉ ካልን፣ በማን ቤት ይደጉ? የወሎ ሰው ይህን ጥያቄ በሩቅ አያውቀውም። በ1965 እና በ1966፣ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ብዙ ልጆች ያለ ወላጅ ቀርተዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት እጅ ስትወድቅ፣ ከወልድያና ከመርሳ ስንቱ ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ ተሰደደ! ያለ ጦርነትም ቢሆን፣ ከሀብሩ ብዙ ወጣት እናትና አባት ለእንጀራ ወደ ሳዑዲ አረቢያ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ነው። አሮጊትዋ ጉልበትዋ በደከመ ጊዜ እንደ ገና እናት ትሆናለች።

ስለዚህ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የሚገባውን በጥቂቱ እናስታውስ።

አንደኛ፤ ልጅን ከመቀበል በፊት እናቲቱ ራስዋ እንድታሳድገው መርዳት ይቀድማል። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ያለው ሰፈር ስለ ምን አንዲት መበለት በድኽነት ብቻ ልጅዋን እንድትሰጥ ይፈቅዳል? በየወሩ ጥቂት እህልና የትምህርት ቤት ደብተር ብዙ ቤትን ከመፍረስ ያድናል።

ሁለተኛ፤ ልጅ የተቀበለ ሁሉ የልጁን ሥር ጽፎ ያኑር። የእናቱንና የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ የተጠመቀበትን ደብር፣ የክርስትና ስሙንና የክርስትና አባቱን ወይም የክርስትና እናቱን መዝግቦ መያዝ ይገባል። ደብሮቻችንም የጥምቀት መዝገባቸውን እንደ ንዋየ ቅድሳት ይጠብቁት። አንድ መስመር ጽሕፈት ከሃያ ዓመት በኋላ ለአንድ ሰው እናቱን ሊያገኝለት ይችላል።

ሦስተኛ፤ እውነቱን ለልጁ ገና በሕፃንነቱ፣ በለሆሳስ ንገሩት። ሕፃን «ሌላ እናትም ነበረችህ፤ እግዚአብሔር ለኛ ደግሞ ሰጠን» ሲባል ቢሰማ ከፍቅር ጋር ይቀበለዋል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከጎረቤት አፍ የሰማው ግን እስከ ዛሬ የጠጣው ወተት ሁሉ ውሸት ይመስለዋል።

አራተኛ፤ ነገሩን በሕግ አጽኑት። በቃልና በልማድ ብቻ ያደገ ልጅ አሳዳጊው በሞተ ጊዜ በውርስ ክርክር ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ብቻ ነው ልጁ በሕግ ልጅ የሚሆነው፤ ክልላችንም የራሱ የቤተ ሰብ ሕግ ስላለው የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

አምስተኛ፤ ይህም ያሳፍራል፤ ከገጠር «ላስተምራት» ብሎ አምጥቶ ሠራተኛ የሚያደርግ አለ። የቤቱ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርስዋ ውኃ ትቀዳለች፤ እነርሱ ከበሉ በኋላ የተረፈውን ትበላለች። ሕጉ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ባሪያ የያዘ አሳዳጊ ውሉ እንዲፈርስበት ያዝዛል። ፈረንጅን ስለ በደለው እየወቀስን ይህን በጓዳችን ብንሠራ ፍርዱ በራሳችን ላይ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። በሕፃንነታቸው የሄዱት ዛሬ አድገዋል፤ አንዳንዶቹም የወለደቻቸውን እናት ፍለጋ ወደ ሀገር ይመጣሉ። አንድ ቀን በመርሳ የፍራፍሬ ገበያ አጠገብ፣ መልኩ የኛ፣ አንደበቱ የባዕድ የሆነ ጎልማሳ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ ቢጠይቃችሁ፣ «ፈረንጅ ሆኗል» ብላችሁ አትሳቁበት፤ ከኪሱም ገንዘብ ለማግኘት ዘመድ ነኝ አትበሉት። የምታውቁትን ብቻ ንገሩት፤ የማታውቁትንም ወደሚያውቅ ሽማግሌ፣ ወደ ደብሩም አድርሱት። ከአሳዳጊዎቹ ጋር ቢመጣ እነርሱንም አክብሩ፤ ውኃ አቅርቡ፤ ቡናም አፍሉላቸው። የወለደችው በሕይወት ብትገኝ፣ ሁለቱ እናቶች በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ልጅ ይመልከቱት። ልጁ ከሁለት አንዲቱን ምረጥ የማይባልበት ቤት፣ አባቶቻችን ያወረሱን እርሱ ነውና እንጠብቀው።