ፍሬንና መብራት የሌለው ብስክሌት

በባሕር ዳር ከተማ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከአውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ማግኛ መሣሪያም መሆኑን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። መምህሩ ደብተሩን ይዞ፣ አናጢው መጋዙን ከኋላው አስሮ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው የሱሪውን እግር ሰብስቦ፣ ሁሉም ወደየሥራው ይገሠግሣል። ከተማዪቱ በጣና ሐይቅ ዳር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች ዳገት ብስክሌተኛውን አይፈትነውም፤ ነዳጅም አያስፈልገውም። ታዲያ ይህን ያህል ለሚያገለግል መሣሪያ የሚደረገው ጥንቃቄ አነስተኛ መሆኑ ያሳዝናል። ኮርቻው በሚያምር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ፍሬኑ ግን አንድ ብቻ የሆነ፣ መብራትም ፈጽሞ የሌለው ብስክሌት በየመንገዱ ይታያል። በእኛ አስተያየት፣ ሁለት በደንብ የሚይዙ ፍሬኖችና የፊትና የኋላ መብራት የሌሉት ብስክሌት ሠራተኛን ወደ ሥራው ለማድረስ ብቁ ነው ሊባል አይገባውም።

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። አንድ ሕፃን በድንገት ወደ መንገዱ ቢገባ፣ ነጂው አይቶና ተገንዝቦ ፍሬኑን እስኪጨብጥ ድረስ ይህን ያህል ርቀት ያልፋል፤ ፍሬኑ ግን ገና ሥራውን አልጀመረም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። አንዳንድ ሰዎች «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» በማለት ፈትተው ይጥሉታል። ፍርሃታቸው መሠረት የለሽ አይደለም፤ በድንገትና ባለ በሌለ ኃይል ቢጨብጡት በእርግጥ ሊገለብጥ ይችላል። ነገር ግን ብስክሌት በሚቆምበት ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ስለሚያዘነብል፣ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። የኋላው ጎማ በዚያች ቅጽበት ስለሚቀልል፣ እርሱን ብቻ አጥብቆ የያዘ ሰው ይንሸራተታል እንጂ ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ መፍትሔው ሁለቱንም ባንድነት ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝን መልመድ ነው። በክረምት ወራት ቸርኬው በውሃ ሲርስ የፍሬኑ ጎማ እንደ በጋው አይዝም፤ በዝናብ የሚጓዝ ሰው ዝግ ማለትና መቆሚያው ከመድረሱ በፊት ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጎ ውሃውን መጥረግ አለበት።

የመብራቱ ጉዳይ ይበልጥ የተዘነጋ ነው። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። በባሕር ዳር በኅዳር ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ከሥራ ወጥቶ ገበያ ጎራ ያለ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ይመሽበታል። ብዙዎች መብራት የሌለውን ብስክሌት የሚነዱት «መንገዱ ይታየኛል» ብለው ነው። ዳሩ ግን በከተማ ውስጥ የብስክሌት መብራት ዋና ጥቅሙ ነጂው እንዲያይ ሳይሆን እንዲታይ ነው። ከኋላው የሚመጣው የባጃጅ ወይም የሚኒባስ ነጂ የጠቆረ ልብስ የለበሰውን ብስክሌተኛ የሚያየው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው። (ነጠላ የለበሱ እናት በዚህ ረገድ ከጎረምሳው ብስክሌተኛ ይሻላሉ፤ ቀድመው ይታያሉ።) ስለሆነም ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያስፈልጋል። አንጸባራቂ ቢጨመርበት መልካም ነው፤ ሆኖም የሌላ መብራት ካልበራበት ስለማያበራ የመብራትን ቦታ ሊተካ አይችልም።

«አደጋ የሚያደርሱት ባለመኪናዎች ናቸውና ምክሩ ለእነርሱ ይሁን» የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። መንገድ ሠሪውም ኃላፊነት አለበት፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌተኞች የተለየ መተላለፊያ የተሠራለት መሆኑ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ድልድዩ 380 ሜትር ብቻ ነው። ከድልድዩ ወዲያና ወዲህ ብስክሌተኛው ከጋሪውም፣ ከባጃጁም፣ ከጭነት መኪናውም ጋር መጋፋቱ አይቀርም።

ሄልሜት የሚባለው የራስ ቁርም አስፈላጊ ነው፤ መለኪያው ግን ለራስ ልክ መሆኑና ማሰሪያው አገጭ ሥር መጥበቁ ነው። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታውን መልሶ መጠቀም አይገባም። የራስ ቁር ጭንቅላትን የሚጠብቀው ከወደቁ በኋላ ስለሆነ፣ ከፍሬንና ከመብራት ቀጥሎ እንጂ በፊት አናስቀምጠውም።

የገንዘቡን ነገር በቀላሉ አናልፈውም። ብስክሌት የሚገዛ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ለታክሲ የሚከፍለው የሌለው ነው። ያለቀ የፍሬን ጎማ ማስለወጥ ግን እግሩ ተሰብሮ አንድ ወር ከሥራ ከሚቀርበት ጋር ሲመዛዘን ከባድ ወጪ አይሆንም። ለመኪኖች ጥላ ያለው ማቆሚያ የሚሠራ መሥሪያ ቤትስ ለብስክሌቶች የሚሆን አንድ ቆርቆሮ ለምን ይነፍጋል? ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት የዋለ ብስክሌት ሰንሰለቱም የፍሬኑ ሽቦም ይዝጋል፤ ሠራተኛው ማታ ወደ ልጆቹ የሚመለሰው በዚያው ፍሬን ነው።